እድር የሌላት ቪትዝ

ሐርጌሳ ዳር፣ አያሃ ውስጥ፣ በቆርቆሮ የታጠረች አንዲት ግቢ አለችኝ። በሙያችን ቋንቋ መኪና እናርዳለን። የሞተች መኪና በገመድ ተጎትታ ትመጣለች፤ ሞተሯ ለብቻ፣ ካምቢዮዋ ለብቻ፣ በሮቿና ፋራዎቿ ለብቻ ይወጣሉ። ሥራውን የተማርኩት መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ነው። ሶማሌ ተራ ተምሮ ሶማሌ አገር መሥራት ሲያወሩት ያስቃል፤ እኔም ስቄበታለሁ። የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። በቶጎ ውጫሌ አድርጌ ስሻገር ስለ ቪትዝ መኪና ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም ብዬ ነበር። አከፋፈቷን በእርግጥ አውቅ ነበር። ስለ ቀብሯ ያስተማረችኝ ግን አንዲት ፍየል ናት።

አረንጓዴውን ውኃ መሬት ላይ አትድፋ

ከራዲያተር የወረደ ኩላንት በሳፋ አጠራቅሜ ጥላ ሥር ትቼው አደርኩ። የጎረቤቴ ፍየል በአጥሩ ቀዳዳ ገብታ ጠጣችው። ኩላንት ውስጥ ያለው ኤቲሊን ግላይኮል የሚባለው ነገር ጣፋጭ ነው፤ እንስሳ ቀምሶ አይተወውም። ሆድ ከገባ በኋላ ግን ሌላ መርዝ ይሆንና ኩላሊት ያቆማል። ፍየሏ መጀመሪያ እንደ ጠጅ ቤት ሰው ተንገዳገደች። በሁለተኛው ቀን ተኛች፣ አልተነሳችም።

ባለቤቷን «ኤዶ» እላቸዋለሁ፤ ሶማሌዎች አክስትን እንደዚያ ይላሉ፣ እኛ «እትዬ» እንደምንለው። አያሃ ጦርነትና ድርቅ ባፈናቀላቸው፣ ከስደት በተመለሱና ሌላ መሬት ባጡ ሰዎች የተቆረቆረ ሰፈር ነው። ኤዶም ብዙ ቦታ ተነስተው ብዙ ቦታ የሰፈሩ ሴት ናቸው። ይጮኹብኛል ብዬ ስጠብቅ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቁኝ፦ «ልጄ፣ ፍየሏ ባትጠጣው ኖሮ ይህን ውኃ የት ልትደፋው ነበር?»

መሬት ላይ ነዋ። ሁልጊዜ የምደፋው መሬት ላይ ነበር። ሶማሌ ተራም መሬት ላይ ነበር፣ ከዚያም በፊት ኮምቦልቻ የማውቀው ጋራዥ እንደዚሁ። የፍየሏን ዋጋ በስልክ ገንዘብ መላኪያው፣ በዛድ፣ ላክሁላቸው፣ ተቀበሉኝ። አጥሩንም ደፈንኩ። ጥያቄው ግን አብሮኝ ቀረ፤ ከዚያ በኋላ የጻፍኩት ሁሉ፣ ይህንንም ጨምሮ፣ ለኤዶ የምመልሰው መልስ ነው።

መኪና ስትወለድ ወረቀት ይሰጣታል፣ ስትሞት ማንም አይጠይቃትም

አገራችን መኪና ገና ጉምሩክ ስትደርስ ይጻፋል። ሊብሬ ይወጣላታል፣ ታርጋ ይለጠፍላታል፣ በየዓመቱ ቦሎ ትቀበላለች። የመጨረሻው ቀን ሲመጣ ግን ሊብሬውን ይዞ «ይቺ አብቅታለች፣ ሰርዙልኝ» የሚል ባለቤት በሙያ ዘመኔ አላየሁም። ለምን ይሂድ? ሊብሬው ራሱ ዋጋ አለው። የተገለበጠች መኪና አካሏ በኪሎ ሲሸጥ ሊብሬዋ ለሌላ ሰው ይሸጣል፤ የሻንሲ ቁጥሯ ተቆርጦ ሌላ ሻንሲ ላይ ሲበየድ በዓይኔ አይቻለሁ። ሬሳ ተቀብሮ መታወቂያው የሚዞርበት አገር ማለት ነው።

አውሮፓ ይህን ቀዳዳ የደፈነው በወረቀት ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው መመሪያ የመጨረሻው ባለቤት መኪናውን ፈቃድ ላለው ገንጣይ አስረክቦ «ተወግዷል» የሚል ምስክር ወረቀት ይቀበላል፤ መዝገቡ የሚዘጋው በዚያ ወረቀት ነው። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ ከመኪናው ክብደት 95 በመቶው ተመልሶ ጥቅም ላይ መዋል አለበት። እነሱም ቢሆኑ ሁሉም አልሆነላቸውም፤ በየዓመቱ ዱካቸው የሚጠፋ መኪኖች አሉባቸው። የጠፉትን መጠየቅ የቻሉት ግን መዝገብ ስላላቸው ነው።

እኔ ያደረግኩት ትንሽ ነገር ነው። ደብተር ገዛሁ። የማርዳትን መኪና የሻንሲ ቁጥር እጽፋለሁ፣ ታርጋዋን በመቀስ ለሁለት እቆርጣለሁ። አንዳንድ ደንበኛ ያኮርፋል። ደብተሩን እስካሁን ማንም ባለሥልጣን አልጠየቀኝም።

እድሯን ጥላ ነው የመጣችው

ሐርጌሳን የማያውቅ ሰው እንዲገባው፦ እዚህ የሚነዳው በመንገዱ ቀኝ በኩል ነው፤ መኪኖቹ ደግሞ አብዛኛዎቹ በዱባይ በኩል ያለፉ የጃፓን ያገለገሉ ስለሆኑ መሪያቸውም ቀኝ ነው። ሾፌሩ ጥግ ይዞ ይሄዳል፣ ጋቢና የተቀመጠው ሰው መሀል አስፋልት ላይ ይወርዳል። ለመቅደም የፈለገ ሾፌር አጠገቡ ያለውን «ነፃ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። በዚህ ላይ ቪትዝ እንደ ጉንዳን ነው።

አንድ ቀን ከአንዷ ቪትዝ የዳሽቦርድ ኪስ በጃፓንኛ የተጻፈ ወረቀት አወጣሁ። መኪና የሚያስመጣ አንድ ደንበኛዬ አየውና ሳቀ። «ይህ እኮ የማስወገጃዋ ክፍያ ነው፤ ተከፍሎላታል» አለኝ። ለማን ነው የተከፈለው? አልኩት። ትከሻውን ሰበቀ። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን ተከታትዬ ያነበብኩት።

ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2002 አውጥታ ከጥር 2005 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ፣ አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው የወንበሯ ላስቲክ ሳይቀደድ የማስወገጃዋን ወጪ ይከፍላል። ለቤት መኪና ከ6 ሺህ እስከ 18 ሺህ የን አካባቢ ነው። ከሕጉ በፊት የተገዙትም ለምርመራ ሲቀርቡ እንዲከፍሉ ተደረገ። ገንዘቡ ለብቻው ይቀመጣል። መኪናዋ ስትሸጥ ክፍያው አብሯት ለአዲሱ ባለቤት ይተላለፋል፤ የሞተች ዕለት አስቸጋሪውን ክፍሏን ለሚያስወግዱት ይወጣል።

ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። እድር ነው! ስብሰባው፣ ዳኛውና ድንኳኑ ቢቀር፣ ሐሳቡ የእኛው ነው። ሰው በቁሙ ይከፍላል፣ የሞተ ዕለት ቤተሰቡ ሣጥን ፍለጋ አይሯሯጥም። የኮምቦልቻ እናቶች ይህን ለማወቅ የቶኪዮ ፓርላማ አላስፈለጋቸውም።

ቀጥሎ ያለውን አንቀጽ ሳነብ ግን ሳቄ ቆመ። መኪናዋ ወደ ውጭ አገር ከተላከች፣ የላካት ሰው አመልክቶ ገንዘቡን መልሶ መውሰድ ይችላል። ቪትዟ መርከብ ስትሳፈር ከእድሯ ተሰርዛ ነው የምትሳፈረው። በርበራ ወደብ ስትወርድ የጉምሩክ ቀረጥ ይጠብቃታል፤ ስለ ቀብሯ የሚያነሳ የለም። ጃፓኖቹን መውቀስ ከብዶኛል። እነሱ አገር ለማትጣል መኪና የማስወገጃ ገንዘብ ለምን ይያዝ? ሒሳቡ በዚያኛው ወደብ ሲታይ ልክ ነው። ሁለቱን ወደቦች አንድ ላይ የሚያይ ሰው ብቻ ነው ጉድለቱ የሚታየው።

ነገሩ የሐርጌሳ ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2020 እንዳወጣው፣ ከ2015 እስከ 2018 ባሉት ዓመታት 14 ሚሊዮን ያህል ያገለገሉ ቀላል መኪኖች ከአውሮፓ፣ ከጃፓንና ከአሜሪካ ወጥተዋል። ከአሥሩ ስምንቱ የሄዱት ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ ወደሆኑ አገሮች ነው፤ ትልቁን ድርሻ የወሰደችው አፍሪካ ናት። መኪናው ከነዘይቱ መጣ፣ የመቅበሪያ ገንዘቡ ግን አልተሻገረም።

ሕጉ የቆጠራቸውን ሦስቱንም ቀምሻቸዋለሁ

የጃፓን ሕግ ክፍያ የጣለው በሦስት ነገሮች ላይ ነው፦ የማቀዝቀዣ ጋዝ፣ ኤርባግ፣ እና መኪናው ከተፈጨ በኋላ የሚቀረው ብናኝ። ብረቱ አልተቆጠረም፤ ብረት ራሱን ይሸጣል። ዝርዝሩን ሳይ የግቢዬን የችግር መዝገብ ሌላ ሰው የጻፈው መሰለኝ።

ጋዙን እኛ «ንፋስ» እንለው ነበር። የኤሲውን ቱቦ በመቁረጫ ቆርጠህ «ፍሽሽ» እስኪል ትጠብቃለህ፣ አለቀ። ያ ንፋስ አር-134ኤ ይባላል፤ አንድ ኪሎው ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ አንድ ኪሎ ከሺህ ጊዜ በላይ ይበልጣል። ስለዚህ ነገር ዛሬም መፍትሔ የለኝም። ጋዙን የሚስብ ማሽን አለ፣ እኔ ግን የለኝም። አሁንም እቆርጣለሁ። ልዋሽ አልፈልግም።

ኤርባጉ የራሴ ጥፋት ነው። ረዳቴ መሪ ሲፈታ ባትሪውን አላስነቀልኩትም ነበር። ሽቦ ከሽቦ ተነካካ መሰለኝ፣ መሪው ፈነዳና ልጁን አንገቱን አዙሮ ጣለው። ሁለት ቀን ጆሮው ጮኸ፣ አንጓው አበጠ። ዓይኑ ቢሆን ኖሮ ለእናቱ ምን እላቸው ነበር? ከዚያ ወዲህ አዲስ ልጅ ሲመጣ የማስተምረው የመጀመሪያው ነገር ነው፦ መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀል፣ ቡና ጠጥተህ ተመለስ፣ ከዚያ መሪ ንካ። ቡናው ለይስሙላ አይደለም፤ ኤርባጉ ውስጥ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ እስኪወርድ ነው። ታካታ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራቸው ኤርባጎች ሙቀትና እርጥበት ሲበዛባቸው ፈንድተው ብረት ስለሚረጩ በዓለም ላይ በአሥር ሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖች ለእርማት ተጠርተዋል፤ ኩባንያውም እ.ኤ.አ. በ2017 ከሰረ። ቪትዝ ከተጠሩት አንዷ ናት። ጥሪው ለባለቤቱ በደብዳቤ ነው የሚሄደው። አያሃ ላለ ባለቤት የሚደርስ ፖስታ የለም።

ሦስተኛው ብናኙ ነው። ጃፓን ሕጉን ለማውጣት ያነሳሳት አንዱ ነገር ቴሺማ የምትባል ትንሽ ደሴት ናት። አንድ ድርጅት የመኪና ብናኝ ለዓመታት እያመጣ ከምሮባት፣ እያቃጠለባት፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ፖሊስ አስቆመው፤ ቆሻሻውን ማንሳቱ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ፈጀ። እኛ መፍጫ የለንም፤ ብናኙ እኛ ጋ ስፖንጅ፣ ምንጣፍ፣ ፕላስቲክና የሽቦ ልባስ ሆኖ ነው የሚቀረው። ልጆቹ መዳቡን ለማውጣት ሽቦውን ያቃጥሉት ነበር። ጭሱ ጥቁር ነው፣ ይጣፍጣል ማለት ይቻላል፣ ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል። ነፋስ ወደ ሰፈሩ ሲሆን የኤዶ ልብስ ከነገመዱ ይጠቁር ነበር። አሁን ልባሱን በቢላ ነው የምንልጠው። ሥራው ሦስት እጥፍ ረዘመ፤ ያልተቃጠለ መዳብ ግን በኪሎ የተሻለ ያወጣል። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ያን ሁሉ ጭስ ባልዋጥኩ።

ባትሪ የሚገዛህን ሰው አሲዱን የት እንዳደረሰው ጠይቀው

ከመኪና አካል ሁሉ በፍጥነት የሚሸጠው ያረጀ ባትሪ ነው። ከግማሽ በላይ ክብደቱ እርሳስ ነው። ገዥው እየዞረ ይመጣል፣ ደረቁን በኪሎ ይመዝናል። «ደረቁን» ማለቱ ላይ ነው ነገሩ፤ አሲዱን አንተ እንድትደፋለት ይፈልጋል። እኔም ክረምት ብቻ ውኃ በሚያልፍበት ደረቅ ወንዝ ዳር እደፋ ነበር። አሲዱ ብቻውን አይወርድም፤ እርሳሱን ይዞ ይወርዳል።

ሴኔጋል፣ ዳካር ዳር ቲያሮይ በሚባል ሰፈር እ.ኤ.አ. ከ2007 መጨረሻ እስከ 2008 መጀመሪያ በጥቂት ወራት 18 ሕፃናት ሞተዋል። እናቶቻቸው ባትሪ ሰባብረው እርሳስ ከአሸዋ ያነፍሱ ነበር። ያን ካነበብኩ በኋላ ባትሪ በሙሉ፣ ከነአሲዱ ነው የምሸጠው። ገዥው ዋጋ ይቀንሳል። ይቀንስ።

ቀረጥ የመኪናን በር ይዘጋል፣ መውጫዋን አይከፍትም

አጎቴ አዲስ አበባ ላዳ ታክሲ ነበረው። ሰማያዊና ነጭ፣ ላሜራዋ በእኔ ግምት ሦስት ጊዜ ሙሉ በሙሉ የተቀየረ። እኔ ሶማሌ ተራ ስሠራ ግማሽ ሥጋዋን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። አጎቴን ከቀበርነው ቆየ፤ እድሩ ድንኳን ተከለ፣ ሦስት ቀን ተቀመጥን። ላዳዋ ለሌላ ተሸጣ ዛሬም ፒያሳ ትታያለች ይሉኛል።

ሰው መኪና የሚያስረጀው ስለሚወድ አይደለም። አዲሱ የማይደረስ ሲሆን አሮጌው ይከበራል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ፣ ቁጥር 1186፣ ዕድሜን ቆጥሮ ነው ታክስ የጣለው፤ ከሰባት ዓመት በላይ ያገለገለች መኪና ስትገባ የሚጠበቅባት ከዋጋዋ ብዙ እጥፍ ሆነ። ዓላማው ይገባኛል፤ የሌሎች አገሮች መጣያ እንዳንሆን ነው። ግን ሶማሌ ተራ ያደገ ሰው ወዲያው የሚያየው ሌላውን ጎን ነው። አሮጌ እንዳይገባ ሲከለከል፣ ውስጥ ያለው አሮጌ ወርቅ ይሆናል። ከእኔ ዕድሜ የምትበልጥ ዲኤክስ አዲስ አበባ ላይ ስንት እንደምትሸጥ ሲነግሩኝ ሐርጌሳ ያሉ ጓደኞቼ አያምኑም። መኪናዋ ዋጋ ባላት ቁጥር አትታረድም፤ ትበየዳለች፣ ባቱታ ይለቀለቅባታል፣ ቦሎ ሰሞን ጎማ ተከራይታ ምርመራ ታልፋለች።

አሜሪካኖች በተቃራኒው መንገድ ሄደዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 መንግሥት 3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አውጥቶ ከ600 ሺህ በላይ አሮጌ መኪኖችን ከሰው እጅ ተቀበለ፤ ለባለቤቶቹም አዲስ መግዣ ድጎማ ሰጠ። ሞተሮቹ ተመልሰው እንዳይሸጡ ዘይቱን አስወርደው ሶዲየም ሲሊኬት የሚባል ፈሳሽ ይጨምሩና ሞተሩን አስነስተው እስኪነክስ ያሠሩት ነበር። ይህን ለረዳቴ ስነግረው «ደህናውን ሞተር? እያወቁ?» ብሎ ሥራ አቁሞ ተቀመጠ። እኔም ስሰማው ሆዴን ነው ያመመኝ። የሚሠራ ሞተር መግደል ለእኛ ሙያ ኃጢአት ነው። ሆኖም አንድ ነገር አደረጉ፦ ለመውጫው ዋጋ ሰጡት።

የመንግሥት መኪኖች ጉዳይ ደግሞ ለብቻው ነው። አገራችን በ2002 ዓ.ም. ንብረት ማስወገድን በስሙ የያዘ የፌዴራል አገልግሎት አቋቋመች፤ ጨረታ ይወጣል፣ ይሸጣል። ያም ሆኖ በየመሥሪያ ቤቱ ጓሮ ሣር የበቀለባቸው ላንድሮቨሮችና ፒክአፖች ያላየ ኢትዮጵያዊ የለም። አንድ መኪና «ይወገድ» ለመባል ኮሚቴ፣ ግምት፣ ፊርማ ያስፈልጋታል፤ ፊርማው እስኪሟላ ጎማው ይፈረካከሳል፣ ሞተሩ ይነክሳል፣ በጥሩ ዋጋ ሊሸጥ የነበረው ካምቢዮ የብረት ኪሎ ይሆናል። የሚፈርም ሰው ስለሚፈራ ነው። በርካሽ ሸጠ ከመባል ዝገት ይሻላል፤ ዝገት ማንንም አያስከስስም።

ቆርቆሮው

ከፍየሏ በኋላ በነበረው ዓመት አንድ ባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ በመጋዘኑ በር ላይ ሰቀልኩ። ለማረድ የምገዛት እያንዳንዷ መኪና አምስት አምስት ዶላር ትጥላለች። ዋጋ ስደራደር ቀድሜ እቀንሰዋለሁ፤ ሻጩ ሲጠይቀኝ «የእድሯ ነው» እላለሁ፣ በሶማልኛ ለማስረዳት ስሞክር ግማሹ የቀብር መዋጮ እየለመንኩ ይመስለዋል። ብዙዎቹ ስቀው ይተዋሉ። በዚያ ገንዘብ ክዳን ያለው የተቃጠለ ዘይት በርሜል ገዛሁ፣ ቀጥሎ ለኩላንት ሌላ፣ ቀጥሎ ከማፍሰሻው በታች ያለውን መሬት በሲሚንቶ አስለሰንኩ። የተቃጠለ ዘይቱን የሚወስድ ሰው አለ። ኩላንቱ ግን በርሜሉ ሞልቶ ሁለተኛ በርሜል ጀምሬያለሁ፤ የሚቀበለኝ አላገኘሁም። ኤዶ ሲያልፉ በርሜሉን በበትራቸው ቆርቆር ያደርጉታል፣ ድምፁን ሰምተው «ሞላ» ይሉኛል።

ኢትዮጵያ በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለች። መንግሥት የኤሌክትሪክ መኪኖች ቁጥር ከ100 ሺህ በላይ መድረሱን ይናገራል። ባለፈው ወር ሶማሌ ተራ አብሮኝ የሠራ ጓደኛዬ ደወለ። ጎርፍ የገባባት የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና በርካሽ አግኝቷል። «አንተ ባትሪ ታውቃለህ፣ እንዴት ነው የምትከፈተው?» አለኝ።

«እንዳትነካት» አልኩት። «ከወለሏ ሥር ያለው ባትሪ ሦስት አራት መቶ ኪሎ ይሆናል፣ ቮልቱ ይገድልሃል፣ ውኃ የገባበት ደግሞ ከቀናት በኋላም ተነስቶ ይነዳል። አጥርና ቤት ከሌለበት ሜዳ ላይ ለብቻዋ አቁማት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ የሚያስወግደው ማን እንደሆነ ሻጩን ጠይቀው።»

«ሻጩ እኮ እኔን ነው የጠየቀኝ» አለ። ትንሽ ዝም አለና ሳቀ፤ ስለ ቆርቆሮዬ ቀደም ብዬ ነግሬዋለሁ። «እሺ፣ ለእንደዚህች ዓይነቷ ስንት ነው የሚጣለው?»

በርሜሉን አየሁት። አምስት ዶላር ማለት አፈርኩ።